ቀይዋ ወይስ ሰማያዊው

አካባቢው ሁሉ «መርማሪው» ይለዋል። ፖሊስ ሆኖ አያውቅም፤ ገበሬ ነው፤ ያውም ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከትራክተር ወንበር ያልወረደ ገበሬ። ስሙን ያተረፈው በሌላ ነገር ነው። ዕንቁላል ሲገዛ አንድ በአንድ እያነሳ ጆሮው ሥር ይነቀንቃል። ሐኪም መድኃኒት ያዘዘለት እንደሆነ ወረቀቱን ይዞ ሁለት ፋርማሲ ይዞራል፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት መልስ ከሰጡት ደግሞ «ተደዋውለዋል» ብሎ ይጠረጥራል። አንድ ጊዜ የክፍል ሙቀት መለኪያ ገዛ። ልክ መሆኑን የሚያረጋግጥበት ሁለተኛ ጨመረ። ሁለቱ በአንድ ዲግሪ ሲለያዩበት ጎን ለጎን ግድግዳው ላይ ሰቀላቸውና ይኸው እስከ ዛሬ ሁለቱንም አያምንም። ሚስቱ እንደምትምለው ከሆነማ በሠርጋቸው ዕለት ቀለበቱን ጣቷ ላይ ከማጥለቁ በፊት ወደ ብርሃን አዙሮ ውስጡን አይቷል።

«እኔንም እንደ ዕንቁላል ነቅንቆ ነው ያገባኝ» ትላለች፣ ሰው በተሰበሰበበት። ሰው ይስቃል። እሱ አይስቅም፤ ማን ማን እንደሳቀ ልብ ይላል እንጂ።

ታናሽ ወንድሙ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። «ግድየለም» ይሉታል፤ ቃሉ ከአፉ አይጠፋማ። ጎማ ቢፈነዳ ግድ የለም፤ ዝናብ ቢዘገይ ግድ የለም፤ የተዋሰውን ዕቃ ሳይመልስለት ዓመት የደፈነ ሰው ቢኖር «ረስቶት ይሆናል፣ ግድ የለም» ይላል፤ ደግሞ ከልቡ ነው። አባታቸው በሕይወት ሳሉ «ታላቅየው የሁለቱንም ጥርጣሬ ጠቅልሎ ወሰደና ለታናሹ የሚተርፍ ጠፋ» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ወንድማማችነታቸውን የሚመሰክር ነገር ቢኖር አንድ ዓይነቱ ሰፊ አፍንጫቸው ብቻ ነው።

አባትየው ሲያልፉ አንድ እርሻ፣ አንድ መጋዘንና ሁለት ትራክተር ተዉላቸው። ትራክተሮቹ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ፣ አንድ ዓይነት ሞዴል ናቸው፤ የሚለያዩት በሁለት ዓመት ዕድሜና በቀለም ብቻ ነው። ታላቅየው የሚነዳት እንደመጣች ቀይ ናት፤ «ቀይዋ» ትባላለች። የታናሽየውም ድሮ ቀይ ነበር። ግድየለም ግን የቤቱን በር ሲቀባ ቀለም ተረፈውና «ከሚደርቅ» ብሎ ትራክተሩን ሰማያዊ አደረገው። መርማሪው ያን ቀን እህል ውሃ አላሰኘውም። ሰው ያለ ምክንያት ትራክተር አይቀባም፤ ምን ሊሸፍን ፈልጎ ነው? አንድ የተበየደ ስንጥቅ ይኖራል ብሎ ወንድሙ ዞር ሲል ቀለሙን በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገው። ከሥሩ ያገኘው ያንኑ የድሮውን ቀይ ነው።

ጉዱ የፈላው ዘንድሮ፣ የእርሻው ወቅት ሊገባ ሲል ነው። ሽማግሌው መካኒክ እንደየዓመቱ ሁለቱንም ሊያይ መጣ። ይህ ሰው ከአባታቸው ጊዜ ጀምሮ የሚያውቃቸው ነው፤ ወንድማማቾቹ «ጋሼ» ይሉታል፤ እሱ ደግሞ ሁለቱንም እንደ ልጆቹ ይቆጣል። ግማሽ ቀን ሙሉ መጋዘኑ ውስጥ ከአንዷ ሥር ወጥቶ ከሌላው ሥር ሲገባ ዋለ። ከዚያ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ባዶ በርሜል ላይ ተቀመጠ።

«ቀይዋ የውሃ ፓምፗ አልቋል፤ ሰማያዊው ፍሪሲዮኑ ተበልቷል» አለ። «አዲስ ዕቃ የለም። ፋብሪካው ይህን ሞዴል መሥራት ከተወ ስንት ዘመኑ። ሁለት በሽተኛ ማስታመም አትችሉም፣ ልጆቼ። አንዱን አድኑ። ሌላውን እንፈታውና መለዋወጫ ይሁን። እንዲህ ካደረጋችሁ የቀረው አሥር ዓመት ያርስላችኋል። አለዚያ ዓመቱ ሳይሞላ ሁለቱም ይቆማሉ።»

«የትኛው ይዳን ታዲያ?» አለ ግድየለም።

«እሱን ከኔ አትስሙ። ግን የዳነው ትራክተር ከነሾፌሩ ነው የሚቀረው። አሮጌ ትራክተር አመል አለው፤ አመሉን የለመደው ይንዳው። ሌላው የመሬቱን ሥራ በእግሩ ይያዝ።»

እዚህ ላይ የመርማሪው ልብ ወለቀ። ዕድሜው ሃምሳ ስምንት ነው። ቀኝ ጉልበቱ ከተበላሸ ሰባት ዓመት አልፎታል፤ ወንበሩ ላይ ሆኖ አይሰማውም እንጂ በእግሩ አንድ ትልም ተከትሎ ቢሄድ ማታ ደረጃ መውጣት ያቅተዋል። «በእግሩ ይያዝ» የተባለው ሥራ ለሱ ሥራ አይደለም። ቤት መዋል ነው። በረንዳ ላይ ተቀምጦ የወንድሙን ትራክተር ድምፅ ማዳመጥ ነው። ይህንን ለማንም አልተናገረም፤ ጉልበቱ እንደሚያመው ከታወቀ እንደ ማስረጃ ይያዝበታላ።

ሁለቱም የየራሳቸውን አመሰገኑ። መርማሪው ስለ ቀይዋ ግማሽ ሰዓት ተናገረ፤ ግድየለም ስለ ሰማያዊው «ጥሩ ነው፣ አይከፋም» አለ። መካኒኩ ሰለቸው።

«ተለዋወጡ!» አለ። «ሁለት ሳምንት አንተ በሱ፣ እሱ ባንተ እረሱ። ከዚያ የወንድማችሁን ትራክተር አውቃችሁ፣ እውነቱን ትነግሩኛላችሁ።»

«ግድ የለም፣ ጥሩ ሐሳብ ነው» አለ ታናሽየው ወዲያው።

ወዲያው ማለቱ ነው መርማሪውን ያላማረው። ሰው ሃያ አራት ዓመት የነዳውን ትራክተር እንዴት እንዲህ በአንድ ቃል ይሰጣል? የሚሰጥ ሰው የሚወስደው ነገር አለ። ምን እንደሆነ እስኪገኝ ድረስ ዓይኑን እንደማይነቅል ለራሱ ቃል ገባ።

የልውውጡ ዕለት ጠዋት ወንድሙን ቀይዋ አጠገብ አቁሞ ረጅም ትምህርት ሰጠው። ሦስተኛ ማርሽ ስታስገባ አታስገድዳት። ዳገት ላይ ትንሽ ታስነጥሳለች፣ አትደንግጥ። የዘይት ግፊት መለኪያዋ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ በጆሮህ ነው የምታውቀው። መለኪያውን ያላሠራውም ስለማያምነው ነው፤ መርፌ ይዋሻል ባይ ነው። ግድየለም እንደ ተማሪ ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። መርማሪው የወንድሙን ዓይን ዓይን እያየ፣ የቱ ላይ በተለይ እንደነቃ ለማወቅ ሞከረ። የዘይት መለኪያው ላይ የነቃ መሰለው።

ከዚያ እሱ ሰማያዊው ላይ ወጣ። እርሻው በአንድ ረጅም የዛፍ ረድፍ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ አንዱ በወዲህ፣ አንዱ በወዲያ ያርሳል። ሰማያዊው ቁልፉ ገና ሲዞር ተነሣ። ወንበሩ ሳይንገጫገጭ ይይዛል፤ መሪው እንደ ቅቤ ነው። የተበላው ፍሪሲዮን እንኳ እግር ለስለስ ካደረጉለት እሺ ይላል። መርማሪው በዚህ ተናደደ። ትራክተሩን ወዶታል፤ መውደዱ ደግሞ አናደደው። ለልውውጡ ብሎ በስውር አሠርቶት ነው እንጂ እንዲህ ሊሆን አይችልም አለ። ወረደና አዲስ የተነካ ብሎን ፈለገ። አቧራው ሁሉ የዓመት አቧራ ነበር።

ሐሳቡ ግን ከዛፎቹ ማዶ ነው። በየትልሙ ጫፍ ሲደርስ ሞተሩን ዝቅ አድርጎ ጆሮውን ያቆማል። ቀይዋ ታጓራለች። ጭሷ ጠቆር ብሎ ይታየዋል። እኔ እሱን ብሆን ምን አደርግ ነበር ብሎ አሰበና ወዲያው መልሱን አገኘ፤ ለክፉ ሐሳብ ፈጣን ነው። ከባድ ማርሽ ላይ አድርጌ፣ ነዳጅ ነፍጌ፣ እያስጨነቅሁ አርስባት ነበር። ከውጭ ምንም አይታይም። ውስጥ ግን ብረት ብረትን ይፍቀዋል። ሁለት ሳምንት ሲሞላ መካኒኩ ጆሮውን ሞተሩ ላይ ያደርግና «ቀይዋ አብቅቶላታል» ይላል።

የተፋቀ ብረት ደግሞ ዘይቱ ላይ አይንሳፈፍም። ታች ይተኛል። ከላይ በዘይት መለኪያው ዘንግ ያየ ሰው ንጹሕ ዘይት አይቶ ይሞኛል። ማወቅ የሚፈልግ ከሥር፣ ከማፍሰሻው ብሎን ነው መቅዳት ያለበት።

ግድየለም እኩለ ቀን ላይ ቀይዋን ትልሙ ላይ ያቆምና ምሳውን ሊበላ ቤቱ ይሄዳል፤ በልቶም አንድ እንቅልፍ ሳይወስደው አይመለስም። መርማሪው ደግሞ ዳቦውን በወረቀት ጠቅልሎ እርሻው ላይ ነው የሚውለው። እናም በመጀመሪያው ቀን፣ ወንድሙ ከዓይን ሲርቅ፣ በዛፎቹ መሃል አልፎ ቀይዋ ሥር በጀርባው ገባ። ገለባው በሸሚዙ አልፎ ይወጋል፤ የሞተሩ ሙቀት ፊቱን ይለበልበዋል። ማፍሰሻውን ብሎን በትንሽ መፍቻ ላላ አደረገውና ከቤት ደብቆ ባመጣት ነጭ የሻይ ስኒ ማስቀመጫ ላይ ጥቂት ጠብታ ተቀበለ። ብሎኑን መልሶ አጠበቀ። ወጥቶ ጠብታውን ወደ ፀሐይ አዘነበለ፤ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል አሸው። የሚያብለጨልጭ ነገር የለም። የሚቆረቁር ነገር የለም።

ሌላ ሰው ቢሆን ተመስገን ብሎ ዳቦውን ይበላ ነበር። እሱ ግን «ገና ነው ማለት ነው» አለ። በማግስቱም ገባ። በሦስተኛውም ቀን ገባ።

አንድ ነገር ያውቃል፤ ባያውቅ ይሻለው ነበር። ማፍሰሻው ብሎን ሥር አንዲት ቀጭን የመዳብ ሮንዴላ አለች። ዘይቱን የምትይዘው እሷ ናት። አንዴ ስትጠብቅ ተጨምቃ ቦታዋን ትይዛለች፤ ከተፈታች ሌላ አዲስ ይገባል እንጂ እሷው ተመልሳ አትታመንም። ይህን ለታናሽ ወንድሙ ያስተማረው ራሱ ነው፤ ያኔ «ሮንዴላ ሳትቀይር ብሎን ብታጠብቅ እጅህን እሰብረዋለሁ» ብሎት ነበር። አሁን ግን ሮንዴላ ለመግዛት መለዋወጫ ሱቅ መሄድ አለበት። ባለሱቁ ደግሞ አፉ አያርፍም። «ለምንህ ነው?» ይለዋል፤ ማታውኑ ወሬው ግድየለም ጆሮ ይደርሳል። ስለዚህ በዚያችው በተጨፈለቀች ሮንዴላ እያጠበቀ ቀጠለ። ትልቁ መፍቻም ወንድሙ ይዞት በሚዞረው ሣጥን ውስጥ ስለሆነ በትንሹ ነው የሚያጠብቀው። ለጊዜው ይይዛል አለ።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ምርመራ ተጀምሯል።

«የስኒ ማስቀመጫዬ አንዱ ጠፋ» አለች ሚስቱ፣ በአምስተኛው ቀን ዕቃ እያጠበች።

«እኔ ምን ላድርግሽ?»

«ስድስት ነበሩ። አምስት ሆኑ። አንተ ደግሞ ሰሞኑን ሸሚዝህ ጀርባው ሁሉ ገለባ ነው። ትራክተር የሚነዳ ሰው በጀርባው ይተኛል እንዴ?»

«ሙቀት ነው፤ ጥላ ሥር ጋደም እላለሁ።»

«ከስኒ ማስቀመጫ ጋር?» አለችና ወደ ዕቃዋ ዞረች። ከሱ ጋር ሠላሳ ዓመት የኖረች ሴት ናት፤ ትንሽ ትንሽ ተምራለች።

በዘጠነኛው ቀን እንደ ልማዱ ቀይዋ ሥር ገባ። ጠብታውን ተቀበለ። ብሎኑን በጣቱ መልሶ አስገብቶ መፍቻውን ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ ገለባው ላይ የእግር ኮቴ ሰማ። ነፍስና ሥጋው ተለያዩ። መፍቻውን ኪሱ፣ የስኒ ማስቀመጫዋን ከነዘይቷ ሸሚዙ ውስጥ ከተተና በሌላኛው ጎን ተንፏቅቆ ወጣ። ዘይቱ በሆዱ ላይ ቁልቁል ሲወርድ ይሰማዋል።

ግድየለም ነበር። በአንድ እጁ የሻይ ፔርሙስ፣ በሌላው በጨርቅ የተጠቀለለ ምግብ ይዟል።

«ወንድም ጋሼ! እዚህ ነህ እንዴ? ሰማያዊው ጋ ሄጄ አጣሁህ።»

«ጎማዋን እያየሁ ነው። የፊቱን። የጎደለ መስሎኝ።»

«ደግ አደረግህ። እኔማ አላስተዋልኩም። ና እንብላ፤ ቤት ብቻዬን መብላት አስጠላኝ። አንተም ሁልጊዜ ደረቅ ዳቦ ትበላለህ አሉ።»

ዛፉ ሥር ተቀመጡ። ግድየለም ሻይ ቀዳለት። መርማሪው ኩባያውን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተና ጠጣ። ጣፋጭ ነበር። አእምሮው ግን እንደ ወፍጮ ይዞራል። ስምንት ቀን ሙሉ ሳይመጣ ዛሬ ለምን መጣ? «አሉ» ያለው ማን ብሎት ነው? ሚስቴ ነግራው ይሆን? ወይስ ዱካዬን አይቶ፣ ሊይዘኝ ነው ምግቡን ሰበብ ያደረገው? ወንድሙ ስለ ልጅነታቸው የሆነ ነገር እያወራ ይስቃል፤ እሱ አፉን ብቻ ከፍቶ ይስቃል። ምሳው አልቆ ግድየለም ቀይዋ ላይ ሲወጣ፣ መርማሪው «አሉ» የምትለዋን ቃል እንደ አጥንት እያላመጠ በዛፎቹ መሃል ወደ ሰማያዊው ተመለሰ። በጣቱ ብቻ ያስገባው ብሎን ትዝም አላለው።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ከዛፎቹ ማዶ ያለው ድምፅ ተለወጠ። መጀመሪያ እንደ መንቀጥቀጥ ያለ፣ ከዚያ ብረት በብረት ሲመታ፣ ከዚያ አንድ ረጅም ጩኸት፤ ከዚያ ዝም።

«አደረገው!» አለ መርማሪው ጮክ ብሎ። እውነቱን ለመናገር ደስታ ነበረበት። ዘጠኝ ቀን የጠበቀው ነገር መጣለት። ጉልበቱን ረስቶ በሩጫ ዛፎቹን አለፈ።

ቀይዋ ትልሙ መሃል ቆማ ትጨሳለች። ግድየለም አጠገቧ ቆሟል፤ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨብጦ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ወንድም ጋሼ፣ ገደልኳት» አለ። «ሞተሯ ነከሰ፤ አይዞርም። ምን እንዳደረግኩ አላውቅም። ልትቆም ስትል እንኳ ድምፁ አልገባኝም።»

መርማሪው ሊጮህበት አፉን ከፈተ። ዓይኑ ግን ከትራክተሩ ኋላ፣ በታረሰው አፈር ላይ የተዘረጋ ጥቁር መስመር ላይ ወደቀ። ዘይት ነው። መስመሩን ወደ ኋላ ተከተለው። መጀመሪያ ጠብታ ነበር፣ ከዚያ ቀጭን መስመር ሆነ፣ ከዚያ ወፈረ። በጣም ከወፈረበት ላይ ትልሙ ውስጥ ማፍሰሻው ብሎን ተቀምጧል፤ አንገቱ ላይ እንደ ወረቀት የሳሳች የመዳብ ሮንዴላ አለች።

መፍቻው አሁንም ኪሱ ውስጥ ነው። ሸሚዙ በዘይት ሆዱ ላይ ተጣብቋል። ጎንበስ ብሎ ብሎኑን አነሳና ወንድሙ እንዳያየው ኪሱ ከተተው።

መካኒኩ ተጠርቶ መጣ። ከሥር ገብቶ ቆይቶ ወጣ። «ማፍሰሻው ብሎን ወልቋል። ብሎኑ የታለ?» አለ። ግድየለም ወዲያው በእጅና በጉልበቱ ሆኖ ትልሙን መፈለግ ጀመረ። አፈሩን በጣቱ እየፈረፈረ፣ እየዳኸ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ። ተመልሶ ደግሞ ጀመረ። መርማሪው እጁን ኪሱ ውስጥ፣ ብሎኑ ላይ አድርጎ ቆሞ አየው። አንድ ቃል ቢናገር ወንድሙ ይነሳ ነበር። አልተናገረም።

«ድንጋይ መትቶት ይሆናል» አለ ግድየለም በመጨረሻ፣ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ።

«ድንጋይ ቢመታው ቀዳዳው ጥርሱ ይበላ ነበር» አለ መካኒኩ። «ጥርሱ ደህና ነው። ይሄ ብሎን ላልቶ ነው የወጣው። የሆነ ሰው ፈቶታል።» ይህን ሲል ማንንም አላየም፤ አለማየቱም ይታይ ነበር።

ግድየለም ጭቃውን ከጉልበቱ አራገፈ። «ጠዋት ከመነሳቴ በፊት ከሥር ማየት ነበረብኝ። አላየሁም። የምነዳው እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ጋሼ፣ እንግዲህ ሰማያዊው ይቀራል። መሪውን ግን ወንድም ጋሼ ይያዝ። ትራክተሩን ገድዬበት ወንበሩንም ልወስድበት አልችልም። እኔ በእግሬ እሠራለሁ፤ ግድ የለም።»

እንዲህ በአንድ ቀን መርማሪው የፈለገውን ሁሉ አገኘ። ወንበር አለው፣ ያውም የማይንገጫገጭ ወንበር። እንደ ሰው ቢሆን ማፈር ነበረበት፤ አፈረም። ግን ዕድሜ ልክ የሠራ ጭንቅላት በአንድ ቀን አይቆምም። ሁለት ቀን ሙሉ የወንድሙን ቃል ገልብጦ ገለባብጦ ወጥመዱን ፈለገ። ለምን ሰጠኝ? ያውቃል ማለት ነው? እያወቀ ዝም ብሎ ሊበላኝ ነው? ቢፈልግ ቢፈልግ ወንድሙ ከተናገረው ቃል በታች ምንም አላገኘም። ስኒ ማስቀመጫዋ ላይ እንዳየው ዘይት፣ ንጹሕ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሁሉም፣ የመርማሪው ሚስት ጭምር፣ መጋዘኑ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ቀይዋን መፍታት የሚጀመርበት ጠዋት ነው። ግድየለም ቀይዋን የሚያነሱበትን ክሪክ ሊያመጣ ወጣ ሲል መካኒኩ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እኔ ሰው ማማት አልወድም። ግን ነገሩ ግልጽ ነው። የራሱ እንዲድን የፈለገ ሰው የሌላውን ብሎን ያላላል። መሪውን ለአንተ መስጠቱም ያው ጥርጣሬ ለማጥፋት ነው፤ ወር ሳይሞላ ይመለስበታል።»

«እኔስ ምን አልኩ?» አለች ሚስቱ። «ያ ግድ የለም፣ ግድ የለም የሚለው አፍ! ሠፈሩም ይህንኑ ነው የሚያወራው። አንተ መርማሪ ነህ፤ እስኪ አንተ ተናገር።»

መርማሪው ሰማቸው። የሚናገሩት ሁሉ የራሱ ነገር ነው፤ አንድ ቃል ሳይጎድል እሱ ይለው የነበረውን ነው የሚሉት። ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማው ግን አስጠላው። ዝም ቢል ይበቃ ነበር። ራሱን ቢነቀንቅ ይበቃ ነበር። ወንበሩ ለዘላለም የሱ ይሆን ነበር። ትልሙ ውስጥ የዳኸው ወንድሙ ታየው።

«እኔ ነኝ የፈታሁት» አለ።

ሁለቱም ወደ እሱ ዞሩ።

«ዘጠኝ ቀን፣ በየቀኑ ፈትቼዋለሁ። ዘይቱን ከሥር ለማየት። በመጨረሻው ቀን ወንድሜ መጣብኝና በጣቴ ብቻ አስገብቼ ትቼው ሄድኩ። ሮንዴላም አልቀየርኩ። ይኸው።» ብሎኑን ከኪሱ አውጥቶ መዳፉ ላይ አሳያቸው።

መካኒኩ ብሎኑን አየ፣ እሱን አየ። ከዚያ በኀዘን ራሱን ነቀነቀ።

«ደግ ወንድም ነህ» አለው። «ፈልገህ አግኝተኸው፣ ለሱ ስትል ደብቀኸው። እኔን ግን አታሞኘኝም።»

«እንዴት ነው የማሞኝህ? እኔ ነኝ እያልኩ!»

«አንተ ሮንዴላ ሳትቀይር ልታጠብቅ? አንተ?» አለች ሚስቱ። «እንኳን ብሎን፣ የሻይ ክዳን ሦስት ጊዜ ታይ የለም እንዴ! ዝም በል እባክህ፤ ለሱ ብለህ ስምህን አታጥፋ።»

ሠላሳ ዓመት እየተጠራጠረ ያስተማራቸው ሰዎች እውነቱን ሲናገር ተጠራጠሩት። ማል አሉት፣ ማለ፤ መማሉን ተጠራጠሩ። የስኒ ማስቀመጫዋን ነገር ሲናገር ብቻ ሚስቱ ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ «ሸሚዝህን ዘይት ስለነካው የፈጠርከው ውሸት ነው» አለችው።

ግድየለም በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ክሪኩን ይዟል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ ማንም አላየም።

«ዘጠኝ ቀን?» አለ።

«ዘጠኝ ቀን» አለ መርማሪው።

«ሻይ ያመጣሁልህ ቀንም?»

«ያን ቀን ነው።»

ከሁሉም እሱ ብቻ አመነው። ወዲያው ነው ያመነው፤ ሰው የነገረውን ሁሉ እንደሚያምን አመነው። ፊቱ ላይ ቁጣ ቢኖር መርማሪው ይችለው ነበር፤ ቁጣ አልነበረም። ክሪኩን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠው።

«ትልሙን ስፈልግ ኪስህ ውስጥ ነበር?»

መርማሪው መዳፉ ላይ ያለውን ብሎን ቁልቁል አየ። መልሱን ሁለቱም አወቁት።

«እንግዲያው ሰማያዊውን እኔ እነዳዋለሁ» አለ ግድየለም። መካኒኩም ሚስትየውም አሁን ገባቸው።

ሥራው ተጀመረ። መካኒኩ ቀይዋን ፈታ፤ ግድየለም ደህናውን ዕቃ እየወሰደ ሰማያዊው ላይ ያስራል። ለመርማሪው ሥራ ተሰጠው፤ ከዚያ ሩጫ ወዲህ ሲያነክስ ስላዩት የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጦ የተፈቱትን ብሎኖች ናፍጣ በሞላበት ሳህን ውስጥ ያጥባል፤ አጥቦ ለወንድሙ ያቀብላል። የሃያ ስድስት ዓመት ትራክተሩን አንድ በአንድ በእጁ ያጥባል።

የመጀመሪያውን ብሎን አቀበለው። ግድየለም ተቀበለና ወደ ቦታው ከመውሰዱ በፊት ገልበጥ አድርጎ አየው። መርማሪው ልብ አላለም። ሁለተኛውን ሲቀበለው ወደ በሩ ብርሃን ዞር ብሎ ጥርሱን ከላይ እስከ ታች ተመለከተ። ሦስተኛውን በጣቱ ዳሰሰው፤ ዳስሶም የመርማሪውን ፊት ለአንድ አፍታ ቀና ብሎ አየ። ይህ ሰው ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ከማንም እጅ የተቀበለውን ነገር አይቶ አያውቅም።

መርማሪው አራተኛውን ብሎን ከሳህኑ አወጣ። ሁለት ጊዜ አጠበው፣ በንጹሕ ጨርቅ አደረቀው፤ ወንድሙ ለማየት እንዲመቸውም ጥርሱን ወደ ብርሃኑ አዙሮ አቀበለው።